ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ በአንድ የእድር ስብሰባ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ወጣት የሂሳብ መዝገቡ በኮምፒውተር ይያዝ የሚለውን ሐሳቡን ሳይጨርስ አንድ አባት «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉት። ወጣቱም ተቀመጠ። ተረቱ ግን ለዚህ አልተፈጠረም።

ይህ ተረት የደጋ ሰው ነው እላለሁ። ኩታበር፣ አያቴ ቤት፣ እናቶች ገበያ ሲውሉ ቡሃቃው የሴት ልጅ ነበር። ዱቄቱን በወንፊት ነፍታ፣ እርሾ ጨምራ፣ እስከ ክርኗ ገብታ ታሸዋለች፤ ሲቀጥንባት ዱቄት፣ ሲወፍርባት ውሃ ትጨምራለች። ከዚያ ብርዱ አለ። ሞቅ ባለችው ኮምቦልቻ ሊጥ ቶሎ ይነሣል፤ ከጦሳ ተራራ ማዶ፣ ኩታበር ግን ምድጃ ዳር ተቀምጦም ቀናት ይፈልጋል። የዚያን ዕለት እራት ቂጣ ይሆናል። የልጅቷን ሊጥ ግን የሚደፋው የለም፤ ይቆይና አብሲት ተጥሎለት እንጀራ ይወጣዋል።

አያቴ ተረቱን ሲናገሩ የሰማሁት ቡሃቃ አጠገብ አይደለም፤ ለትንሿ አክስቴ ሽማግሌ በመጣ ጊዜ ነው። ያኔ ልጅነት በዓመት አይለካም ነበር። ወንዱ ከጥጃ ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ሞፈር ሲሸጋገር፣ ሴቷ ማቡካትና መጋገር ስትችል ልጅነቱ አለቀ ይባላል። ሽማግሌዎቹ «ሙያዋን ሰምተናል» ቢሉ፣ አያቴ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለው መለሷቸው። ገና ናት፣ ተዉልኝ ማለታቸው ነበር። ተረቱም የተወለደው እንዲህ ካለች፣ ሕግ ከማይደግፋት እናት አፍ ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በ1995 ነው 18 ያደረጉት።

ዛሬ በከተማችን ልጅነት ረዝሟል፤ ቡሃቃ ሳትነካ 12ኛ ክፍል የምትጨርስ ልጅ ብዙ ናት። ለትምህርቷ ጊዜ አግኝታለችና ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ፣ ልጅን ከአዋቂ ሸክም ያስጣለውን ንግግር አዋቂውን ልጅ ለማድረግ መጠቀማችን ነው። የወጣቱ ሐሳብ ስሕተት ካለበት ስሕተቱ ይነገረው። ተረቱ የሚያስፈልገው፣ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥታ ልትዳር ሲመከር ነው፤ ያኔ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን።