«ካርታ መደርደር» ምንድን ነው? ሳይዋሹ የማሳሳት የማስታወቂያ ዘዴ

ማስታወቂያ ውሸታም ነው ይባላል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የሚሸውደን ውሸቱ አይመስለኝም። ውሸት ይነቃበታል፣ ያስከስሳልም። ለሻጭ የሚመቸው ተመርጦ የተነገረ እውነት ነው። የሚጠቅመውን ጎላ አድርጎ፣ የማይጠቅመውን ዋጥ ማድረግ። በፕሮፓጋንዳ ጥናት ይህ ዘዴ «ካርታ መደርደር» ይባላል።

ስያሜው ከቁማር የመጣ ነው። አጭበርባሪ ቁማርተኛ ካርታውን የበወዘ ይመስላል እንጂ ጥሩ ጥሩው ለራሱ እንዲደርሰው አስቀድሞ ደርድሮታል። እያንዳንዱን ካርታ ብታገላብጡት ሐሰተኛ አታገኙም። ችግሩ አደራደሩ ላይ ነው።

ስያሜውን በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1937 ኒውዮርክ ውስጥ የተመሠረተው የፕሮፓጋንዳ ትንተና ተቋም ነው። ተቋሙ ሕዝቡ ፕሮፓጋንዳን እንዲለይ 7 ዘዴዎችን ዘርዝሮ ነበር። የታዋቂ ሰው ምስክርነት፣ ባዶ ግን የሚያማምሩ ቃላት፣ «ሰው ሁሉ ገብቶበታል፣ አንተስ?» የሚለው ግፊት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ያኔ ዋናው ስጋት የፖለቲካ ቅስቀሳ ነበር። ዝርዝሩ ግን ለማስታወቂያም ልክክ ይላል። ለተቋሙ መነሻ ገንዘብ የሰጡት ደግሞ ኤድዋርድ ፋይሊን የተባሉ የቦስተን ትልቅ ነጋዴ ነበሩ። የነጋዴን ገበና ነጋዴ ያውቀዋል!

አሁን ወደ ሱቅ መደርደሪያ እንሂድ። የምግብ ዘይት ጠርሙስ ላይ በትልቁ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ ተጽፏል። እውነት ነው። ኮሌስትሮል በብዛት የሚገኘው ግን ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ውስጥ ነው። ከዕፅዋት የተጨመቀ ዘይት ድሮውንም እዚህ ግባ የሚባል ኮሌስትሮል የለውም። አጠገቡ ያለው፣ ምንም ያልተጻፈበት ዘይትም ያው ነው። እኛ ግን ጽሑፉን ስናይ ሌላኛው ኮሌስትሮል ያለበት ይመስለናል። ጠርሙሱ እንደዚያ አላለም። እኛው ነን ያልነው።

«እስከ 70% ቅናሽ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። «እስከ» የምትለዋ ቃል በትንሹ ትጻፍና አንድ ጥግ ላይ ያለ ዕቃ ብቻ 70% ይቀንሳል። «90% ከስብ ነፃ» ማለትም 10% ስብ አለው ማለት ነው። በዚህኛው አባባል ግን ማን ይገዛዋል?

ይበልጥ የሚያስተምረው የቁጥር ጨዋታ ነው። ኮልጌት ብሪታንያ ውስጥ «ከ80% በላይ የጥርስ ሐኪሞች ኮልጌትን ይመክራሉ» የሚል ማስታወቂያ አሠርቶ ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ምን ይረዳል? ከ100 ሐኪሞች 80ዎቹ ሌላውን ትተው ኮልጌትን መረጡ ብሎ ነው የሚያስበው። የአገሪቱ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ጉዳዩን ሲያጣራ ግን ሐኪሞቹ በጥናቱ ከአንድ በላይ የጥርስ ሳሙና መጥቀስ ይችሉ እንደነበር ታወቀ። እንዲያውም የአንድ ተፎካካሪ ምርት የኮልጌትን ያህል ሊሆን ምንም አልቀረውም። እ.ኤ.አ. በ2007 ተቆጣጣሪው ማስታወቂያው አሳሳች ነው ብሎ አገደው። ልብ በሉ፣ ቁጥሩ የፈጠራ አልነበረም። የተደበቀው ጥያቄው የተጠየቀበት መንገድ ነው። ስለዚህ እኔ እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ «ስንት?» ሳይሆን «ምን ተብለው ተጠየቁ?» የሚለው ነው።

ለምን በቀላሉ እንሸወዳለን? የኖቤል ተሸላሚው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ካነማን ያብራሩት ነገር አለ። አእምሯችን ፊቱ ባለው መረጃ ብቻ የተሟላ ታሪክ ይሠራል፤ የጎደለ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ አይጨነቅም። ያልቀረበልን ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። እንዲያውም መረጃው ሲያንስ ታሪኩ የሚጋጭበት ስለሌለ ይበልጥ ያምርብናል። የተማረ ሰው በዚህ አይሸወድም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። መጠርጠር ቢለምድም፣ ያልተነገረውን ነገር ለመጠርጠር መጀመሪያ መኖሩን ማወቅ አለበት።

በእርግጥ ማንም ሻጭ የዕቃውን ጉድለት እየዘረዘረ አይሸጥም። መምረጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ድንበሩ፣ የተተወው ነገር ቢነገር ኖሮ ገዢው ሐሳቡን ይቀይር ነበር ወይ የሚለው ነው። ሕጎችም ወደዚያ ያዘነበሉ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ ለውሳኔ የሚያስፈልግን ቁም ነገር መደበቅ ራሱን የቻለ ማሳሳት ነው። አሜሪካም ውስጥ የንግድ ኮሚሽኑ ዝምታን እንደ ማታለያ ሊቆጥር ይችላል።

ሕግ መጥፎውን ካርታ በግድ ሲያስወጣስ? አሜሪካ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ትፈቅዳለች። ግን ዋና ዋናዎቹ የጎንዮሽ ጉዳቶች መነገር አለባቸው። ይነገራሉም። ተራኪው የጉበት ጉዳት፣ የልብ ድካም እያለ ሲዘረዝር፣ ስክሪኑ ላይ ግን ሰዎች ከውሻቸው ጋር ሜዳ ላይ ይቦርቃሉ፤ ሙዚቃውም ደስ የሚል ነው። ጆሮ አደጋውን ይሰማል፣ ዓይን ደስታውን ያያል። ዓይን ያሸንፋል። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አዲስ ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት የጎንዮሽ ጉዳቱ በድምፅ ሲነገር በጽሑፍም አብሮ መታየት አለበት፤ በዚያው ሰዓትም ሐሳብ የሚሰርቅ ምስልም ሆነ ድምፅ አይፈቀድም።