ቬሎ ስንመርጥ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ሜርሜድ ለቀጭን ነው።»

ይህን ያላለች ሚዜ የለችም። ሜርሜድ ከደረት እስከ ጉልበት ገላ ላይ ልክክ ብሎ ከዚያ በታች የሚዘረጋው ቬሎ ነው። ወገብና ዳሌዋ የሚለይ ሙሽራ፣ ሞላ ያለች ብትሆንም፣ ያምርባታል። ችግሩ ሌላ ነው። የእኛ ሙሽራ ቆማ አትውልም፤ ከቤት ስትወጣ የእናት የአባቷን፣ የአያቶቿን ጉልበት ትስማለች። ጉልበት ላይ የጠበቀ ልብስ ደግሞ አያስጎነብስም። ሁለት ሚዜዎች ብብቷን ይዘው ሲያነሷት ያየሁዋት ሙሽራ አለች፤ ቪዲዮው ላይም ቀርቷል። ስለዚህ መስታወት ፊት መቆም አይበቃም። እዚያው ሱቅ ውስጥ ተንበርከኪ፣ ተቀመጪ፣ ደረጃ ውጪ። አከራይዋ ከሳቀች ትሳቅ።

«ትከሻ የሌለው ቬሎ ለሁሉም ይሄዳል።»

ለፎቶ፣ አዎ። እስክስታው ሲጀመር ግን ልብሱ ቁልቁል መንሸራተት ይጀምራል፤ ሙሽሪትም ጭፈራውን ትታ ደረቷን ሽቅብ ስትጎትት ታመሻለች። የቬሎን ክብደት መሸከም ያለበት ወገብ ነው እንጂ ደረት አይደለም፤ ውስጡ ወገብ ላይ ጥብቅ የሚል ኮርሴት ከሌለው ስስ የዳንቴል እጅጌ አስጨምሪበት።

«ነጭ ያው ነጭ ነው።»

አይደለም። ወረቀት የሚመስል ነጭ አለ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ አለ። ለብዙ ጠይሞች ክሬሙ ፊት ያበራል ባይ ነኝ። የሱቅ መብራት ያታልላልና በር ላይ አውጥተሽ በፀሐይ እዪው።

«እስከ ሠርጉ እከሳለሁ፤ ጠበብ ያለውን ልውሰድ።»

ሰፊውን ማስጠበብ ቀላል ነው። ጠባቡ የሚሰፋው ግን ስፌቱ ውስጥ ታጥፎ በቀረው ጨርቅ ልክ ብቻ ነው።

«የሀበሻ ቀሚስ ቅርጽ አያወጣም፤ ለመልስ ይበቃል፣ ሙሽራ የምትባለው በቬሎ ነው።»

ነጩ ቬሎ ራሱ አውሮፓ ውስጥ ፋሽን የሆነው ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው። የሀበሻ ቀሚስን ቅርጽ የሚወስነው የጥበቡ አቀማመጥ ነው፦ ከአንገት እስከ እግር መሃል ለመሃል የወረደ ጥበብ አጭሯን ያስረዝማል፤ ጫፉን ዙሪያውን የያዘ ሰፊ ጥበብ ግን ቁመት ይቆርጣል፣ ለረጅሟ ይሁን። ሽሮ ሜዳ ስትሄጂ ጨርቁን ተጣጥፎ ሳለ አትምረጪ፤ ከአንገትሽ ጀምረሽ ቁልቁል ልቀቂውና እዪ። በልክሽ የምታሠሪ ከሆነ ከሸማኔ ወደ ጠላፊ፣ ከጠላፊ ወደ ሰፊ ማለፉ አይቀርም፤ ለጥር ሠርግ በታኅሣሥ ማዘዝ ዘግይቷል።