ራውተርን አጥፍቶ ማብራት በቂ ነው?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 የአሜሪካው ኤፍቢአይ የቤት ራውተር (ኢንተርኔትን ለቤቱ መሣሪያዎች የሚያከፋፍል ሳጥን) ያላቸው ሁሉ መሣሪያቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ አሳሰበ። ምክንያቱ ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ነበር፤ የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎች እንደተጠቁ ገምቷል። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ግን ግማሽ መፍትሔ ነው።

ራውተር ሲጠፋ የሚጸዳው በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው ላይ ያለው ብቻ ነው። የይለፍ ቃል የሚሰልለውና መሣሪያውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ የሚችለው የቪፒኤንፊልተር ክፍል በዚህ ይወገዳል። የሶፍትዌሩ የመጀመሪያ ክፍል ግን በቋሚው ማከማቻ ስለሚቀመጥ አይነካም፤ የጠፋውንም መልሶ ለማውረድ ይሞክራል። እርሱን የሚነቅለው ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ ነው። በብዙዎቹ ራውተሮች ይህ የሚደረገው ከጀርባ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ በመያዝ ነው።

እዚህ ላይ እባካችሁ አትቁሙ! ሰርጎ ገቡ የገባበት የደኅንነት ክፍተት እንዳለ ነው፤ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃልም ፋብሪካው ወደሰጠው ተመልሷል። ይህ ወደ ራውተሩ ቅንብር የሚያስገባው ቃል ከዋይፋዩ የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው ቀይሬዋለሁ የሚለው የዋይፋዩን ነው። ወዲያውኑ ቀይሩት፣ የአምራቹን የቅርብ ጊዜ የሶፍትዌር ማሻሻያ ጫኑ፣ ራውተሩን ከርቀት (በኢንተርኔት በኩል) የማስተዳደር አገልግሎቱንም ዝጉ። አምራቹ ማሻሻያ ማውጣት ያቆመለት ራውተር ከሆነ በአዲስ መተካት ይሻላል።