ኢንፈረንስ ምንድን ነው? (ሰምና ወርቅ ነው ያላችሁ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ስሙኝ)

ሰሞኑን አንድ ሰው ለጂአርኢ (ውጭ አገር ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ለሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና) የሚዘጋጁ ልጆችን ሲመክር፣ «ኢንፈረንስ ማለት በቃ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙን ትታችሁ ወርቁን ፈልጉ፤ በዚህ አበሻን ማን ይበልጠዋል?» አለ። ለጆሮ ይጥማል። እኔ ግን ይህን ምክር ይዘው ገብተው የሳቱትን ጥያቄ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብዬ ስመረምር ዓመታት ስለሆነኝ ደስ አይለኝም።

በጂአርኢም ሆነ በጂማት (በቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና) የንባብ ክፍል ላይ «ከምንባቡ ምን መረዳት ይቻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የኢንፈረንስ ጥያቄ የሚባለው ይህ ነው፤ የሚፈለገው የተደበቀ ምስጢር አይደለም። የሚፈለገው በቀጥታ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ምንባቡ እውነት ከሆነ እሱም የግድ እውነት የሚሆን ነገር ነው። «ከሦስቱ ልጆቿ አዲስ አበባ የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው» ከተባለ፣ አንዱ አዲስ አበባ አይኖርም። አለቀ። «ሦስተኛው ውጭ አገር ነው» ካላችሁ ገመታችሁ፤ ልጁ ደብረ ብርሃን ሊሆን ይችላል።

በቅኔስ? የቅኔ መምህራን እንዳይቆጡኝ ቀድሜ ልናገር፦ ቅኔ ቤትም ቢሆን ቃሉ የማይሸከመውን ወርቅ ማንም አይቀበልም። መካሪያችን ግን የሚያወራው ስለዚያ ቅኔ አይደለም። እሱ «ሰምና ወርቅ» ሲል «ጸሐፊው ሊል የፈለገውን ገምቱ» ማለቱ ነው። የፈተናው ጥያቄ ደግሞ ለሰሙ ታማኝ የሆነውን ነው የሚሸልመው።

ለልጆቼ ያዘጋጀሁትን አንድ ምንባብ በአማርኛ ላሳያችሁ። «ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለቡና ተክል ኮፊያ አራቢካ የሚል ስም ሰጠው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ስም ቡና ከዓረቢያ ለመገኘቱ ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። ይሁንና ስያሜው የሚነግረን ሰያሚው ተክሉን ከየት ምድር ጋር እንዳያያዘው እንጂ፣ ተክሉ መጀመሪያ የት እንደበቀለ አይደለም።» ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ቡና የተገኘው ከኢትዮጵያ ነው። ሁለተኛው፣ ሊኒየስ ቡና መጀመሪያ የበቀለው ዓረቢያ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሦስተኛው፣ የአንድ ተክል ሳይንሳዊ ስም ብቻውን የተክሉን መገኛ ላያረጋግጥ ይችላል።

አብዛኛው ተማሪ ሳያመነታ አንደኛውን ያከብባል። አንዱማ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ታዲያ መምህር፣ ቡና የኛ አይደለም እያሉኝ ነው?» አለኝ። የኛ ነው። ግን ምንባቡ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል የቱ ጋ አለ? ሁለተኛው ምርጫ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ሊኒየስ ተክሉን ከዓረቢያ ጋር አያይዞታል፤ ማያያዝና «መገኛው ይህ ነው» ብሎ ማመን ግን አንድ አይደሉም። መልሱ ሦስተኛው ነው፤ ያ ደረቁ፣ «ላያረጋግጥ ይችላል» እያለ የሚልመጠመጠው። ልጆቹ የሚንቁትም ለዚሁ ነው፤ ወርቅ አይመስልማ።

እኔ ምሳሌ ስጥ ብባል ዳኛውን እመርጣለሁ። አንድ ዳኛ ሌባው እጁን ኪስ ውስጥ ሲከት በዓይኑ ቢያይ፣ በዚያ ጉዳይ ላይ ምስክር መሆን ይችላል እንጂ ዳኛ መሆን አይችልም። ችሎት ላይ ከተቀመጠ የሚፈርደው መዝገቡ ውስጥ ባለው ነው። ተፈታኙ ዳኛ ነው፣ ምንባቡ መዝገቡ ነው፣ ምርጫዎቹ ደግሞ እየተነሡ የሚከራከሩ ጠበቆች ናቸው። አንደኛው ጠበቃ መዝገቡ ውስጥ የሌለ እውነት ያመጣል፤ የቡናው የመጀመሪያ ምርጫ እሱ ነው። ሌላው ያጋንናል፦ ምንባቡ «አንዳንዴ» ያለውን «ሁልጊዜ» ያደርገዋል፣ የስርቆቱን ክስ ውንብድና ብሎ ያቀርበዋል። ሦስተኛው ቃል ያማታል፦ ምንባቡ ውስጥ የተጠቀሰ ተቺ የተናገረውን አንሥቶ «ጸሐፊው እንዲህ ያምናል» ይላል፣ ልክ የከሳሹን ቃል ተከሳሹ እንደሰጠው አድርጎ እንደማንበብ። ይህ ሦስተኛው ጎበዞቹንም ይጥላል። ምሳሌዬ የሚሰበረው ሰዓቱ ላይ ነው። ዳኛ ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ባጠረው ጂአርኢ ግን ለ27 የቨርባል (የቋንቋና የንባብ) ጥያቄዎች ያላችሁ 41 ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ ሙያዬ ስለሚያስገድደኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። «የግድ እውነት» ያልኩት ለሁሉም ፈተና በእኩል ጥብቅነት አይሠራም። ኤልሳት (የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና) ላይ «ከሁሉ ይበልጥ የተደገፈው የቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ጥቂት ክፍተት ይፈቀዳል፤ «ጸሐፊው በየትኛው ሳይስማማ አይቀርም?» ሲባልም እንደዚያው። ክፍተቱ ግን የጣት እንጂ የበር አይደለም። ሌላም ልጨምር፦ የኔ የቡና ጥያቄ ለማስተማሪያ እንጂ ለትልቅ ፈተና አይሆንም። እኩል ችሎታ ካላቸው ተፈታኞች መካከል የአንድ አገር ልጆች ብቻ እየተለዩ የሚሳሳቱበት ጥያቄ በስታቲስቲክስ ተለይቶ ይታያል፤ በሙያው ዲፍ እንለዋለን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመረመራል፣ ብዙ ጊዜም ይጣላል።

ወደ መካሪያችን ልመለስ፤ ሁለተኛ ምክርም ነበረው። «ዋናው የቃላት እጥረት ነው፤ 3,000 ቃል ሸምድዱና ገብታችሁ ውጡ።» ቃል አያስፈልግም የሚል ሰው የለም። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢ ያለ እርዳታ በበቂ ሁኔታ እንዲረዳ ከጽሑፉ ቃላት 98 ከመቶ ያህሉን ማወቅ እንዳለበት ገምተዋል። 450 ቃላት ባሉት ምንባብ ላይ የማታውቁት ዘጠኝ ያህል ብቻ መሆን አለበት ማለት ነው። (ጥናቱ የተሠራው በልብ ወለድ ጽሑፍ ነውና ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት።) ስለዚህ ቃል አጥኑ። ኢንፈረንስ ላይ አማርኛ ተናጋሪውን ሲጥለው የማየው ግን ያ ረጅሙ፣ ከላቲን የመጣው ቃል አይደለም። እሱን ካላወቀው አለማወቁን ያውቃል፣ ይጠነቀቃል።

የሚጥለው «ፊው» (few) የምትባለው ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል ናት። «ፊው ስኮላርስ አግሪድ» ሲባል የተስማማው ምሁር እምብዛም ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ወደ አሉታ ያጋድላል። «ኤ ፊው (a few) ስኮላርስ አግሪድ» ከሆነ ደግሞ የተስማሙ አሉ። አማርኛችን ለሁለቱም «ጥቂት ምሁራን ተስማሙ» ይላል፤ ተፈታኙ በልቡ ሲተረጉም ያቺ አንዲት ፊደል ትጠፋለች፣ ከእሷ ጋር የጸሐፊው አቋም ይገለበጣል። «ኖት ኦል»ም (not all) እንዲሁ ነው። «ኖት ኦል ስቱደንትስ ኬም» ማለት የቀሩ አሉ ማለት ነው፤ አንድም አልመጣም ማለት አይደለም። በልባችን ግን «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» ብለን እንተረጉመዋለን፤ ይህ ደግሞ ለብዙዎቻችን ጆሮ ክፍሉ ባዶ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ «አንዳንድ ተማሪዎች ቀርተዋል» የሚለው ትክክለኛ ምርጫ ሲመጣ፣ «ይሄማ ያንሳል» ተብሎ ይሰረዛል።

መካሪያችን 3,000ውን ቃል በፋይል አያይዞ ነበርና ከፍቼ ፈለግኋቸው። «ፊው» የለም፤ «ኖት ኦል»ም የለም።