ዊስት፦ ጭጭ ወይስ ጥርግ?

«ዊስት» የቆየ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አንድም የካርታ ጨዋታ ነው፣ አንድም «ጭጭ!» ማለት ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ብዙ ይወራል፤ ሁሉም ግን ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ጨዋታው ስሙን ያገኘው ከዝምታ ነው።»
በጣም የተስፋፋው ይሄ ነው፤ ደግሞ ያምራል። ተጫዋቾቹ ዝም ስለሚሉ ዊስት ተባለ፣ አለቀ! ግን በ1621 በጽሑፍ ብቅ ሲል ስሙ «ዊስክ» ነበር። ዊስክ ደግሞ ቀልጠፍ ብሎ መጥረግ ነው። ዙሩን ያሸነፈ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን አራት ካርታዎች ጥርግ አድርጎ ይወስዳል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ይመስላል። መጨረሻው ከ«ክ» ወደ «ት» የዞረው በኋላ ነው። የዝምታው ቃል ሳይስበው አልቀረም። እኛም ጋ የቦታ ስም ሲፈታ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፦ ስሙ ይቀድማል፣ ታሪኩ ቆይቶ ይለጠፍበታል።

«እንግዲያው ‹ጭጭ› የሚለው ትርጉም ከካርታው መጣ።»
እሱም አይደለም። ሼክስፒር በ1611 አካባቢ በጻፈው «ዘ ቴምፔስት» በተባለ ተውኔት ላይ ጸጥ ያለውን የባሕር ሞገድ «ዊስት» ይለዋል። ካርታ የሚባል ነገር እዚያ የለም።

«ዝም የሚባለው ለጨዋነት ነው።»
ጨዋነቱ ይቆየን። ዊስት አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ተቧድነው፣ ጓደኛሞቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው። 52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሳል። ጓደኛህ ምን እንደያዝክ ካወቀ ጨዋታው ተበላሸ። ስለዚህ ዝምታው ማጭበርበርን መከላከያ ነው። ያለቦታው «እህ እህ» ብሎ ማሳል ራሱ ያስጠረጥራል።

«የፈለሰፈው ኤድመንድ ሆይል ነው።»
ሆይል በ1742 ስለ አጨዋወቱ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ዝናው ከዚያ ነው። ያኔ ጨዋታው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

«ቃሉ ሞቷል።»
ጨዋታውን እንኳ ከእሱ የተወለደው ብሪጅ የተባለ የካርታ ጨዋታ ቦታውን ነጥቆታል። የዝምታው ቃል ግን አየርላንድና ስኮትላንድ ውስጥ «ዊሽት» ሆኖ እስካሁን አለ። ልጅ ሲንጫጫ እናቱ ቆጣ ብላ «ዊሽት!» ትለዋለች።