የድሮ የሜይን የእንጨት ታንኳ፦ ማን እንደሰራው መለየትና መጠገን

እዚህ የምናወራው እንደ ጣናው ከደንገል ስለሚሰራው ሳይሆን አሜሪካ ሜይን ግዛት ውስጥ ከሴዳር እንጨት ተሰርቶ ላዩን ሸራ ስለሚለብሰው ታንኳ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። መሰረቱ የፔኖብስኮትና የሌሎቹ የአካባቢው ነባር ህዝቦች ከበርች ዛፍ ልጣጭ የሚሰራ ታንኳ ነው፣ ነጮቹ ቅርፁን ወስደው ልጣጩን በሸራ ቀየሩት። መጀመሪያ ማን ሰራው የሚለው ያጨቃጭቃል፣ አብዛኛው ሰው ግን በ1870ዎቹ ባንጎር ከተማ ይሰራ የነበረውን ኢቫን ጌሪሽን ይጠራል። ካናዳም ፒተርቦሮና ቸስትነት የሚባሉ ጥሩ ሰሪዎች ነበሯት፣ ቸስትነት ግን ስራውን የጀመረው ከሜይን የመጣ ታንኳ አይቶ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም።

በደንብ የተመዘገበው የኦልድ ታውን ድርጅት ነው። በ1900 አካባቢ ከአንድ የብረታብረት ሱቅ ጀርባ ተጀምሮ ትልቅ ፋብሪካ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ታንኳ ደግሞ ካርድ ይሞላ ነበር። ካርዱ ላይ ሞዴሉ፣ ርዝመቱ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ቀለሙ፣ መቼና ወዴት እንደተላከ ሳይቀር አለ፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ያቆየ ሌላ ሰሪ ማግኘት ይከብዳል። ቁጥሩ የታንኳው ሁለት ጫፎች ላይ፣ ከውስጥ ወለሉ ጋ እንጨቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው 16 ወይም 17 ርዝመቱ ነው፣ በጫማ። ብዙ ጊዜ ቫርኒሽ ሞልቶት አይነበብም፣ ያኔ ባትሪ ከጎን ማብራት ነው እንጂ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ቁጥሩን ራሱ ያጠፋዋል። ሌሎች ሰሪዎችም ቁጥር ይመቱ ስለነበር ካርዱ ከታንኳው ጋር ካልገጠመ ኦልድ ታውን ነው ማለት አይቻልም።

ቪዚ በምትባል የሜይን ከተማ የነበረው የሌላው ታንኳ ሰሪ የሞሪስ ፋብሪካ በ1920 አካባቢ ተቃጥሏል፣ መዝገቡም አብሮ ስለጠፋ የሱን ታንኳ የሚለዩት በቅርፁ ነው፦ ጫፉን የሚሸፍነው እንጨት የልብ ቅርፅ አለው፣ የውስጠኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ቁጥር ያለባት ትንሽ የናስ ሳህን ትኖራለች። ዋይትና ኬንቤክ የሚባሉ የሜይን ሰሪዎችም ጥሩ ሰርተዋል።

ጥገናው ሸራውን ከመግፈፍ ይጀምራል። ቶሎ የሚበሰብሰው የጎድኖቹ (ታንኳውን ከውስጥ አቅፈው የሚይዙት የታጠፉ እንጨቶች) ጫፍና የሁለቱ አፍንጫዎች አናት ነው፣ ታንኳው ተገልብጦ መሬት ላይ ሲቀመጥ እርጥበት የሚይዘው እዛ ነዋ። ጎድኑ 8 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው፣ አዲሱን በእንፋሎት አለስልሶ ሳይቀዘቅዝ ማጠፍ ነው፣ ሰከንዶች ናቸው ያሉት። ጎድኖቹን ከውጭ የሚሸፍነው ሳንቃ 4 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ የናስ ሚስማሩ ከውጭ ሲመታ ከውስጥ ብረት ይደገፍለታል፣ ጫፉ ብረቱን ሲነካ ተቀልብሶ ተመልሶ እንጨቱን ይነክሳል። ከዛ የጥጥ ሸራው በሁለት በኩል ተወጥሮ ይመታል፣ የሸራውን ቀዳዳ የሚደፍን ቅባት በእጅ ይታሻል፣ እሱ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጃል፣ የቸኮለ ሰው ቀለሙ ይሰነጠቅበታል። የድሮው ቅባት እርሳስ ስለነበረበት አሮጌውን ሸራ ያለ ማስክ መፋቅ አይገባም።

በሸራ ፈንታ ፋይበርግላስ የሚለጥፉ አሉ፣ ይቀላል ይላሉ፣ ግን እርጥበት አምቆ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ በኋላ ጎድን ልቀይር ሲሉም መላጡ መከራ ነው። ቀለሙ ካርዱ ላይ የተፃፈው ቢሆን ይመረጣል፣ ባለቤቱ ቀይ ካለም ይቀባ፣ ሸራው ሲያረጅ መቀየሩ አይቀርም።