የካርድ ነጥብ የአየር መንገድ ማይል የሚሆነው መቼ ነው?
በአሜሪካ በምንኖር ወገኖች መካከል «በክሬዲት ካርዴ ያጠራቀምኩት ነጥብ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ትኬት ይቆርጥልኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ቼዝ፣ አሜሪካን ኤክስፕረስና ካፒታል ዋን በራሳቸው የጉዞ ካርዶች (ከአየር መንገድ ጋር በጋራ ከሚያወጧቸው ውጪ) የሚሰጡት የባንኩን ነጥብ ነው፤ የአየር መንገድ ማይል፣ ማለትም ትኬት የሚቆረጥበት የአየር መንገዱ የራሱ ነጥብ፣ የሚሆነው ባለካርዱ ራሱ ወደ አንድ አየር መንገድ የማይል ሂሳብ ሲያዛውረው ብቻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባላቱ አንዱ በሌላው ማይል ትኬት የሚሰጡበት የአየር መንገዶች ኅብረት የስታር አሊያንስ አባል በመሆኑ፣ ነጥቡን ለምሳሌ «ኤሮፕላን» (Aeroplan) ወደሚባለው የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም ያዛወረ ሰው ክፍት ወንበር እስካገኘ ድረስ በዚያ ማይል ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚበረውን የኢትዮጵያን አውሮፕላን መያዝ ይችላል።

ለምሳሌ አንድ ሰው 60,000 ነጥብ አለው እንበል። ነጥቡን በአንድ ሳንቲም ሂሳብ ወደ ገንዘብ ቢለውጠው 600 ዶላር ያገኛል። በገንዘብ 1,300 ዶላር የሚያወጣው ትኬት 60,000 ማይልና 100 ዶላር ታክስ ከተጠየቀበት ግን፣ ያው ነጥብ የ1,200 ዶላር ሥራ ሠራለት ማለት ነው።

እርግጠኛው ነገር የተዛወረ ነጥብ ወደ ባንኩ እንደማይመለስ፣ ታክሱም በገንዘብ እንደሚከፈል ነው። የሚጠየቀው የማይል መጠንና በማይል የሚለቀቀው ወንበር ግን እንደ ቀኑ ስለሚለያይ፣ በተለይ ለገናና ለፋሲካ ሰሞን፣ ወንበሩን በዓይን ሳያዩ ነጥብ ማዛወር በእኔ አስተያየት አይመከርም። የማይል ሂሳቡ አብዛኛውን ጊዜ በባለካርዱ ስም መሆን ቢኖርበትም፣ ትኬቱን ለእናት ወይም ለወንድም መቁረጥ ይቻላል።